«የሰው ጓዳ ምን አገባሽ?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ነው። ጎረቤቴ በመስከረም ከጎጃም አንዲት ልጅ አምጥታለች፤ ቢበዛ 12 ዓመት ቢሆናት ነው። «የእህቴ ልጅ ናት፣ ላስተምራት ነው» ብላን ነበር። ትምህርት ቤት ስትሄድ ግን አይቻት አላውቅም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት በራፍ ስትጠርግ እሰማታለሁ፣ ማታም ሕፃን አዝላ ቆማ ነው የማያት። ግቢው ሁሉ ያውቃል፣ ግቢው ሁሉ ዝም ብሏል። ባለቤቴም «የሰው ጓዳ ምን አገባሽ» ይለኛል። ነገረኛ መባል አልፈልግም፤ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያገባሻል።

በሰው መነገድ ሲባል ሐሳባችን የሚሄደው መተማ ላይ በጨለማ ወደሚያሻግረው ደላላ ወይም ከጅቡቲዋ የወደብ ከተማ ኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ወደሚጫኑት ልጆች ነው። የነሱን ስንሰማ እናለቅሳለን። ጎረቤት ቤት ያለችውን ግን «ታድላ፣ ከተማ ገባች» ብለን እናልፋለን። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ድንበር መሻገርን ግዴታ አላደረገም፤ ሰውን ለመበዝበዝ መመልመል፣ ማጓጓዝና ማስጠለል እዚሁ አገር ውስጥም ያስጠይቃል። ልጅ ከሆነች ደግሞ «ፈቅዳ ነው፣ እናቷም ደስ ብሏት ነው የላከቻት» ማለት አያድንም። ጎረቤትሽ ወንጀለኛ ናት እያልኩ አይደለም። እሱን ፖሊስ ያጣራል።

እኔም ከአንዲት የሰፈራችን ልጅ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሱቅ ዳቦ ስንገዛ ስሟን ጠይቄያት አላውቅም። እጇ በበረኪና ተላልጦ ሳንቲሙን በጣቷ ጫፍ ነበር የምትይዘው። አየሁት፣ አለፍኩት። አንድ ቀን በዚያው ፌስታል ሌላ ልጅ መጣች፤ የፊተኛዋ የት እንደገባች ዛሬም አላውቅም፣ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ልጅቷን ተግባቢያት። ስሟን፣ የመጣችበትን ወረዳ፣ ማን እንዳመጣት፣ ለእናቷ ትደውል እንደሆነ፣ ሱቅ ስትወጣ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ጠይቂያት። ደሞዟ «እየተጠራቀመላት ነው» ከተባለ ልብ በይ፣ ስንቷ በዚህ ቃል ተሸንግላ ባዶ እጇን ወጥታለች።

ጎረቤትሽን ሰው ፊት አታፋጥጫት። ከደነገጠች ልጅቷን በሌሊት አውቶቡስ ተራ ወስዳ ትተዋት ይሆናል፣ እዚያ ደግሞ ግራ የገባትን ልጅ ከሩቅ የሚለይ ደላላ አይጠፋም። ይልቅ ከግቢው የምታምኛቸውን አንድ እናት ይዘሽ ቡና ላይ «እናስመዝግባት» በሏት። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ነው፣ ምገባም አለ፤ «አቅም የለኝም» አያስኬድም።

ድብደባ ካየሽ፣ ቆልፈውባት ከሄዱ ወይም የቤቱ ወንድ እንደሚያስቸግራት ከጠረጠርሽ ግን ቡናው ይቅር። በዚያው ቀን ለፖሊስ 991 ደውይ፣ ወይም የወረዳችሁ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ባለቤትሽም አብሮሽ እንዲሄድ ለምኚው፤ ሁለት ሆናችሁ ስትሄዱ ቶሎ ይሰሟችኋል። የደረሰችበትን ጻፊልን፣ እንጠብቃለን።