ደም ስር «ያድጋል» ወይስ «ያቆጠቁጣል»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ነርስ ነኝ። ለታካሚዎች ስለ ቁስል አጭር ጽሁፍ እያዘጋጀሁ «በብግነት ጊዜ ሳይቶካይኖች የደም ስር እድገት ላይ ተጽዕኖ ያሳድራሉ» ብዬ ጻፍኩ፣ ያነበበው ሁሉ አልገባኝም አለኝ። ምኑ ጋ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ሰዋስዉ ምንም አልሆነም እህቴ፣ ግን አንብቤ ስጨርስ ምንም አልያዝኩም።

በብግነት እንጀምር። እናቶቻችን «ቁስሉ ተቆጣ» ነው የሚሉት፣ ቀላ አበጠ ሞቀ ጠዘጠዘ ማለታቸው ነው። ብግነትም ያው ከ«በገነ» ነው፣ በንዴት በገንኩ እንደምንለው፣ ለታካሚ ስትጽፊ ግን መቆጣት ይሻልሻል። ብቻ ኢንፌክሽን እንዳትዪው አደራ፣ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት እኮ ጀርም ሳይገባበትም ይቆጣል፤ «አመረቀዘ» ደግሞ መግል ሲይዝ ነው።

ሳይቶካይንን እንዳለ ተይው፣ አንዴ ብቻ «ሴሎች የሚላላኩባቸው ፕሮቲኖች» ብለሽ አስረጂ። (ካይን የሚለው ከግሪኩ እንቅስቃሴ ነው፣ የሲኒማ ዘመድ።)

«እድገት» ነው ዋናው ጣጣ። ያለው ደም ስር ወፈረ ረዘመ ያስመስለዋል፣ የሚሆነው ግን ከነባሩ ጎን አዲስ ቀጭን ቅርንጫፍ ብቅ ይላል፣ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ከጉቶው እንደሚያደርገው። ለዚህ አማርኛ ማቆጥቆጥ የሚል የተዘጋጀ ቃል አለው! ሐኪሞቹ አንጂዮጄኔሲስ ይሉታል፣ ጄኔሲሱ ያው የኦሪት ዘፍጥረቱ ጄኔሲስ ነው። ደሞ ደም «ስር» ካልን ቅርንጫፍ ቢያወጣ ምን ይገርማል።

«ተጽዕኖ ያሳድራሉ»ን ሰርዢው፣ ወዴት የሚል ተጽዕኖ? ከሳይቶካይኖቹ መካከል ኢንተርሊውኪን 8 የሚባለው ማቆጥቆጡን ያነሳሳል፣ ቲኤንኤፍና ኢንተርሊውኪን 1 ደግሞ ሴሎች ቪኢጂኤፍ የሚባለውን ዋናውን አስቆጥቋጭ ፕሮቲን እንዲያመነጩ ይገፋፋሉ፣ ኢንተርፌሮን ጋማ ግን በአብዛኛው ይገታል። ቪኢጂኤፍ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲገለጽ የተሰየመው ደም ስርን ፈሳሽ እንዲያሾልክ በማድረጉ ነበር፣ የአሁኑን ስም ያገኘው በ1989 ነው፣ የተቆጣ ቦታ የሚያብጥበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ማሾለክ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ቁስል ሲቆጣ ሴሎች በሳይቶካይን ይላላካሉ፤ አንዱ መልእክት አዲስ ደም ስር እንዲያቆጠቁጥ ያነሳሳል፣ ሌላው ይገታል።» ካልገባቸው ፋሻ ስትፈቺ ያን ፍሬ ፍሬ የመሰለ ቀይ ለጋ ስጋ አሳዪያቸው፣ ትንሽ ሲነካ የሚደማው በአዲስ ደም ስር ስለተሞላ ነው።