ትንበያውን የሚሠራውና ትንበያውን የሚያነበው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አየር ጠባይ ሙያ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱንን አምስት ጥያቄዎች በዚህ ዕትም መልሰናል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ከዜና በኋላ የአየር ጠባይ የሚያቀርቡት ሰዎች ራሳቸው ሚቲዎሮሎጂስቶች ናቸው ወይስ ጋዜጠኞች? እኔ ሁለቱንም ብሆን ደስ ይለኛል። የቱን ልማር? (ከሆጤ፣ ደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱ ሥራዎች አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ባለሙያው ከጣቢያዎች፣ ከሳተላይትና ከኮምፒውተር ሞዴል የመጣውን መረጃ መርምሮ ነገ የት ምን እንደሚሆን ይወስናል። አቅራቢው ያንን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ለሰው ጆሮ ያደርሳል። ስለዚህ ስክሪን ላይ ያየሽውን ሰው በአነጋገሩ ብቻ ሙያውን መገመት አትችዪም።

ቢቢሲ በጥር 1954 ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ ፊት ያቆመው የአየር ጠባይ አቅራቢ ጆርጅ ካውሊንግ የብሪታንያ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነበር። እዚያው ቢቢሲ ላይ ለብዙ ዓመታት የቀረበችው ካሮል ከርክዉድ ግን ዲግሪዋ የንግድ ትምህርት ነው፤ የአየር ጠባዩን የተማረችው በኋላ፣ በዚያው መሥሪያ ቤት ሥልጠና ነው። አሜሪካ ደግሞ በ1982 የተከፈተውን የአየር ጠባይ ቴሌቪዥን ከመሠረቱት አንዱ ጆን ኮልማን በጋዜጠኝነት የተመረቀ ሰው ነበር። የአቅራቢዎችን የሙያ ደረጃ ከፍ ለማድረግ የአሜሪካ ሚቲዎሮሎጂ ማኅበር ከ2005 ጀምሮ ጠበቅ ያለ የምስክር ወረቀት አወጣ፤ የሙያው ዲግሪ ይጠይቃል፣ ፈተና አለው፣ አመልካቹ ያቀረባቸው ፕሮግራሞችም ይገመገማሉ። ወረቀቱ ባይኖርም ስክሪን ላይ መቅረብ ግን አልተከለከለም።

በአገራችን ትንበያውን የሚያዘጋጀው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ መገናኛ ብዙኃን ከእሱ ተቀብለው ያስተላልፋሉ። ሁለቱንም ለምትፈልግ ልጅ ምክራችን ሳይንሱን አስቀድሚ ነው። ድምፅና አቀራረብ በወራት ልምምድ ይስተካከላል፤ ካልኩለስና ቴርሞዳይናሚክስ ግን ከሥራ መልስ ማታ ማታ የሚያዝ ነገር አይደለም። በሚቲዎሮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ቀድሞ ስሙ የሚነሳው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከደሴ ሩቅ ነው፤ ለቤተሰብ አስቀድመሽ ንገሪ።

ተማሪ የሚሰናከልበት ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው «ጂኦግራፊም ስለ አየር ነው» ብሎ መመዝገብ ነው። ጂኦግራፊ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ነገር ግን የትንበያ ባለሙያ የሚያደርገውን ሒሳብ አይሰጥሽም። ሁለተኛው በፍሬሽማን ዓመት ሒሳብና ፊዚክስን ለማለፍ ያህል ብቻ መማር ነው። በኋላ የሚመጣው ዳይናሚክ ሚቲዎሮሎጂ (የአየርን እንቅስቃሴ በሒሳብ የሚያጠናው ትምህርት) ከላይ እስከ ታች ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ስለሆነ ያ ክፍተት እዚያ ያስከፍልሻል።

እስከዚያው የትምህርት ቤትሽን ሚኒ ሚዲያ ተጠቀሚበት። የዕለቱን ትንበያ ወስደሽ ወረቀት ሳትይዢ በ90 ሰከንድ ተናገሪ፤ በስልክ ቅጂና አዳምጪው። ሦስተኛው ቀን ላይ የትኞቹ ቃላት ሥራ እንደማይሠሩ ራስሽ ትለያቸዋለሽ።

ጥያቄ፦ በፊዚክስ ዲግሪ አለኝ፤ አሁን መምህር ነኝ። ወደ ሚቲዎሮሎጂ ለመዞር እንደገና ከአንደኛ ዓመት መጀመር አለብኝ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የለብዎትም። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ሚቲዎሮሎጂስት ለመባል ሁለት መንገድ ያውቃል፦ በሙያው የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ወይም ሒሳብና ፊዚክስ ባለው ሌላ ዲግሪ ላይ የሚደረብ የድኅረ ምረቃ ትምህርት። የእርስዎ መንገድ ሁለተኛው ነው። ትምህርቱ የከባቢ አየር ፊዚክስን፣ ዳይናሚክስን፣ ሲኖፕቲክ ሚቲዎሮሎጂን (የሰፊ አካባቢን አየር በካርታ መመርመርን) እና የአየር ንብረት ሳይንስን ማካተቱን ሳያረጋግጡ እንዳይመዘገቡ፤ «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚል ስም ያለው ማስተርስ ሁሉ እነዚህን አይሰጥም። ከከተማዎ አየር ማረፊያ አንጻር ካሰቡትም ጥንቃቄው ይበዛል፤ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ለአቪዬሽን የሚተነብይ ሰው ይህንን የትምህርት ደረጃ እንዲያሟላ ዓለም አቀፉ መስፈርት ያስገድዳል።

ክፍያ ሳያወጡ መሞከር ከፈለጉ ሜትኤድ የሚባለው የአሜሪካ የመስመር ላይ ማሠልጠኛ አለ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ነጻ ነው፣ በየኮርሱ መጨረሻ ፈተና አለው። የምስክር ወረቀቱ ዲግሪን አይተካም፤ ሙያው ይስማማዎት እንደሆነ ግን በሁለት ወር ውስጥ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ በኤፍ ኤም ጣቢያ የአየር ጠባይ አነባለሁ። አድማጮች «ይዘንባል ብላችሁ አልዘነበም»፣ «የነገራችሁን ሙቀት አላየነውም» እያሉ ይደውላሉ። የተላከልንን ነው የማነበው፤ ጥፋቱ የት ነው? (ከፒያሳ፣ ደሴ)

መልስ፦ ትንበያ ይስታል። ግን ከሚደወልላችሁ ቅሬታ ብዙው ከንባብ የሚመጣ ይመስለናል፤ እንዲያውም ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ።

ከቦታ እንነሳ። ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጡ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል። አየር በአማካይ በየ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ልዩነት የተለመደ ነው። የኮምቦልቻን 27 ዲግሪ «ደሴና አካባቢዋ» ብሎ ማንበብ ማለት ደሴ ውስጥ ጦሳ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው የሌላ አገር ሙቀት መንገር ነው። ጉምም እንዲሁ ነው። እርጥብ አየር ዳገቱን ሲወጣ እየቀዘቀዘ ይሄድና በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው በሐረጎ ዳገት ላይ ወደ ጠብታ ይለወጣል። ያው አንድ ደመና ከታች ላለው ኮምቦልቻዬ ሰማይ ላይ ያለ ደመና ነው፤ ውስጡ ለገባው ሾፌር ደግሞ ጉም ነው። «ደመናማ» የሚለው ቃል ለሁለቱ አንድ ነገር አይነግራቸውም፤ የየከተማውን ስም ከየቁጥሩ ጋር አብረው ይጥሩ።

ሰዓትና ቀን ደግሞ የሚያሳስት ወጥመድ አለው። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ሰዓት ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ በዚያ ላይ እኛ የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። በሰነዱ ላይ «12፡00» ካለ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። «ዝናቡ 12 ሰዓት ላይ» ብሎ ያነበበ ሰው ልብስ ያሰጣች እናትን ለሦስት ሰዓት አታልሏል። የአሥር ቀን ትንበያም በፈረንጅ ወር ከ1 እስከ 10፣ ከ11 እስከ 20 እያለ ይከፈላል። የጁን የመጀመሪያው አሥር ቀን ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 3 ነው፤ «የሰኔ መጀመሪያ» ብለው ካነበቡት ለገበሬው አንድ ሳምንት አዛብተውበታል።

ከሁሉ የከፋው «መደበኛ» የሚለው ቃል ነው። መደበኛ ማለት የ30 ዓመት አማካይን መነሻ ያደረገ ነው፤ አሁን በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያገለግለው የ1991–2020 ነው። የወቅት ትንበያ ሦስት ዕድል ይሰጣል፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ምንም ፍንጭ ከሌለ ሦስቱም እኩል አንድ ሦስተኛ ይይዛሉ። «ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ» ሲባል ዝናቡ በ45 በመቶ ይጨምራል ማለት አይደለም፤ ዕድሉ ወደዚያ አጋደለ ማለት ነው፤ የቀረው 55 በመቶ አሁንም አለ። በበልግ የሚዘራ የለጋምቦ ወይም የኩታበር ገበሬ ይህን አጣሞ ከሰማ ዘሩን ያለ ጊዜው መሬት ላይ ይጥላል። የዕለቱን «30 በመቶ የዝናብ ዕድል» ሲያነቡም፣ እንዲህ ካሉ አሥር ቀናት በሦስቱ ይዘንባል ማለት እንደሆነ በወር አንዴ ይድገሙላቸው። በሰባቱ ካልዘነበ ትንበያው አልሳተም።

ሚሊ ሜትርንም ወደ ቤት ያምጡት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ 1,000 ሊትር፣ ማለት ባለ 200 ሊትር አምስት በርሜል ያወርዳል፤ አሸንዳው የሚያፈሰው ይቀነስለት። ቁጥሩን ብቻ ከሰማች እናት ይልቅ በርሜሉን የሰማችው ታስታውሰዋለች።

ጥያቄ፦ አነስተኛ ስቱዲዮ አለን፤ በአረንጓዴ ስክሪን የአየር ጠባይ ልምምድ ቀረጽን። የአቅራቢዋ ቀሚስ ላይ ካርታው ታየ፣ ጠርዟም አረንጓዴ ሆነ። (ከሸዋ በር፣ ደሴ)

መልስ፦ ቀሚሱ አረንጓዴ ጥለት ነበረበት አይደል? ኮምፒውተሩ የሚያውቀው አረንጓዴን መቁረጥ ብቻ ነው፤ ግድግዳና ጥለት አይለይም። ጠርዙ ላይ ያያችሁት ደግሞ ከስክሪኑ የተንጸባረቀ ብርሃን ነው፤ ነጭ የሀበሻ ልብስ ከሌላው ይልቅ ያንን ይቀበላል። አቅራቢዋን ከግድግዳው ወደ 2 ሜትር አርቋት፣ ስክሪኑን ለብቻው በሁለት ጎን መብራት ያለ ጥላ አብሩት፣ ለእሷ ከኋላ በኩል ሌላ መብራት ስጧት። አረንጓዴ ጥለት ግድ ከሆነ ግድግዳው ሰማያዊ ይሁን።

ከኋላዋ ካርታ እንደሌለም አትርሱ፤ የምታየው በግራና በቀኝ የቆመ ሞኒተር ላይ ነው። ወደ ካሜራ ስትዞር ምሥራቅ በግራ እጇ በኩል ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ ሰሜን ምዕራብ ስለሆነች ከኮምቦልቻ ተነስታ ደሴን ስታሳይ ቀኝ እጇ ወደ ላይና ወደ ውጭ ይሄዳል። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይደናበራል። የከተሞቹን ቦታ ወለሉ ላይ በቴፕ ምልክት አድርጉና እግሯን አለማምዷት።

ጥያቄ፦ ዲግሪ የለኝም። የዝናብ መለኪያ ታዛቢ መሆን ወደ ሙያው መግቢያ ይሆናል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወደ ትንበያ ባለሙያነት አያስገባም፤ ወደ ሥራው ግን ያስጠጋል። ጣቢያዎች በደረጃ የተከፈሉ ናቸው፤ ዝቅተኛው ዝናብ ብቻ የሚለካበት ነው፣ ከፍተኛው ደግሞ ሙቀትን፣ ነፋስን፣ እርጥበትንና ግፊትን በየ3 ሰዓቱ ይመዘግባል። የታዛቢ ዋጋ በትክክለኛነቱ ነው። መለኪያው ከዛፍም ከቤትም ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ያህል ይራቅ። ንባቡ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ከዘገዩ ፀሐይ ከውሃው ትወስዳለች። ያልዘነበ ቀን 0.0 ይጻፋል፤ ባዶ የተተወ ቦታ «ሰው አልነበረም» ተብሎ ነው የሚነበበው። ጠብታው ከ0.1 ሚሊ ሜትር ካነሰ «ምልክት ብቻ» ተብሎ ይመዘገባል። ማታ የጣለውን ዝናብ በየትኛው ቀን እንደሚጽፉ ከመጀመሪያው ቀን ጠይቀው ይያዙት፤ አንዴ ከተዛባ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቀን ተንሸራቶ ይቀራል።