መድኃኒቱ ሐሰተኛ ነው ወይስ ትሉ ተለወጠ?

ጥያቄ፦ በመቂ አካባቢ በመስኖ ጥቅል ጎመን አመርታለሁ። አምና የባክቴሪያ መድኃኒት ብለው የሸጡልኝ ዱቄት ትሉን ጠራርጎልኝ ነበር። ዘንድሮ ግን በየሳምንቱ ብረጭም፣ መጠኑን እጥፍ ባደርግም ትሉ መብላቱን አላቆመም። ሐሰተኛ መድኃኒት ሸጠውልኝ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ነጋዴው ላይ ከመፍረድዎ በፊት ግን ትሉን ይመርምሩ። በጣት ሲነኩት ወደ ኋላ እየተወራጨ ከቅጠሉ በቀጭን ክር የሚንጠለጠል ከሆነ፣ ቅጠሉንም ከሥር ፍቆ የላይኛውን ስስ ሽፋን እንደ መስኮት የሚተው ከሆነ፣ ለመድኃኒት እጅ ባለመስጠት የታወቀው የጎመን የእሳት ራት ልጅ ነው።

የገዙት ዱቄት ሐሰተኛ ካልሆነ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ወይም በአጭሩ ቢቲ የሚባለው ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም። ገላ ላይ ቢያርፍ ትሉን አይገድልም፤ መበላት አለበት። በባክቴሪያው ውስጥ ያለው የፕሮቲን ክሪስታል ትሉ አንጀት ሲደርስ ይሟሟል፤ የትል አንጀት ባሕርይው እንደ አመድ ውሃ ነውና። ከዚያ የትሉ የራሱ ኢንዛይም ፕሮቲኑን ቆርጦ ወደ መርዝነት ይለውጠዋል። መርዙ ግን ገና አልገደለም። በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ያሉትን የተወሰኑ ተቀባይ ፕሮቲኖች አግኝቶ መያዝ አለበት። ከያዘ ህዋሶቹን ይበሳል፤ ትሉ በሰዓታት ውስጥ መብላት ያቆማል፤ በሁለትና በሦስት ቀን ይሞታል። የሰው ሆድ አሲዳማ ስለሆነና እነዚያ ተቀባዮች ስለሌሉት በእኛ ላይ ይህ አይደርስም።

የእርስዎም ችግር እዚህ ላይ ሊሆን ይችላል። ከብዙ ሺህ ትሎች መካከል ተቀባይ ፕሮቲናቸው የተለወጠ ጥቂቶች ይኖራሉ። መርዙ የሚይዘው ሲያጣ ከኩሳቸው ጋር ይወጣል። በየሳምንቱ ያንኑ መድኃኒት ሲረጩ ሌሎቹን ገድለው እነዚህን ለዘር አስቀሩ ማለት ነው። በሞቃት አካባቢ ትውልዱ በሦስት ሳምንት ገደማ ስለሚተካ ለውጡ ፈጣን ነው። በሃዋይ ደጋግመው የረጩ ገበሬዎች ማሳ ላይ ይኸው ነፍሳት ቢቲን መቋቋሙ በ1990 እ.ኤ.አ. በጥናት ታትሟል። ደስ የሚለው ግን፣ ከዚያ የተወሰዱ ነፍሳት መድኃኒቱ ሳይነካቸው ለትውልዶች ሲረቡ የመሞት ባሕርያቸው ተመልሷል፤ መርዙም እንደገና አንጀታቸውን መያዝ ጀምሯል።

ስለዚህ እባክዎ እጥፍ መርጨቱን ያቁሙ። ይልቁንም ይህን ይሞክሩ፦ ከማሳዎ አርባ ትናንሽ ትሎች ይልቀሙ። አንድ ቅጠል በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን በተበጠበጠ መድኃኒት፣ ሌላውን በንጹሕ ውሃ ነክረው ያድርቁ፤ ክዳናቸው በተበሳ ሁለት ዕቃዎች ውስጥ ሃያ ሃያ ትል ያስቀምጡባቸው። በሦስተኛው ቀን ይቁጠሩ። በውሃው ያሉት በሕይወት ቆይተው መድኃኒቱን የበሉት ከሞቱ፣ መድኃኒቱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ አረጫጨቱ ላይ ነው። ምናልባት በጠራራ ፀሐይ ረጭተዋል፤ ፀሐይ ቢቲን ቶሎ ያበላሸዋል። ወይም የቅጠሉን ሥር አላዳረሱም፤ አለዚያም ትሉ ካደገ በኋላ ደርሰዋል፤ ትልቁ ትል ከትንሹ ይበልጥ ይቋቋማል። አመሻሽ ላይ፣ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ ሰም የመሰለው ቅጠል ላይ እንዲቆይ ለመድኃኒት ርጭት የተሠራ ማጣበቂያ ጨምረው ይርጩ።

በሁለቱም ዕቃ ያሉት ካልሞቱ ሙከራውን ከሌላ ቦታ በተገዛ፣ ጊዜው ባላለፈ መድኃኒት ይድገሙት። በአዲሱ መድኃኒት ከሞቱ የመጀመሪያው ሐሰተኛ ወይም የተበላሸ ነበር ማለት ነው፤ አሁንም ካልሞቱ ግን ትሉ ተለውጧል። መለያው ላይ ኩርስታኪ የሚል የቢቲ ዝርያ ስም ካለ፣ አይዛዋይ የተባለው ሌላ የቢቲ ዝርያ በከፊል የተለየ መርዝ ስላለው ሊሠራልዎ ይችላል። እሱንም ግን ያለማቋረጥ አይርጩት፤ አሠራሩ ፈጽሞ ከተለየ ሌላ የተመዘገበ መድኃኒት ጋር ያፈራርቁት። የተቆረጠውን ጎመን ግንድ ማሳ ላይ አይተዉ፤ ትሉ እዚያው ይራባል። አጎራባቾችዎም በአንድ ጊዜ ጎመን አጥፍተው ለጥቂት ሳምንታት ሌላ ሰብል ቢያለሙ ትልቅ እፎይታ ነው። የቆጠሩትን ቁጥርና የመድኃኒቱን ዕቃ ይዘው ወደ ቀበሌዎ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይሂዱ፤ የሚቀጥለውን መድኃኒት አብረው ይምረጡ።