‹‹ማገልገሉን አልተውኩም፣ ማመስገን ግን አቃተኝ››

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ክፍል ሳገለግል 9 ዓመት ሆነኝ። መዝሙር አስጠናለሁ፣ የመዘምራኑን ልብስ እይዛለሁ፣ በበዓል ቀን ምንጣፍ ከማንጠፍ ጀምሮ የሌለሁበት የለም። ብዙውን ጊዜ ብቻዬን ነው የምሠራው። የሚያግዘኝም፣ ‹‹እግዚአብሔር ይስጥልን›› የሚለኝም የለም። ማታ ቤት ስገባ በጣም ስለሚደክመኝ የጸሎት መጽሐፌን ሳልከፍት እተኛለሁ። እናቴ ካረፈች ደግሞ 7 ወሯ ነው። ጠዋት ቡና እያፈላች ‹‹ተመስገን›› ስትል ድምፅዋን ሰምቼ ነበር የምነሳው። አሁን ቤቱ ጭር ብሏል። ቆሜ ስለ ምስጋና ስዘምር ልቤ ውስጥ ምንም የለም። ሳይሰማኝ ‹‹አመሰግንሃለሁ›› ማለት ግብዝነት አይሆንብኝም? አገልግሎቱንስ ብተወው ይሻለኝ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር የእናትሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልሽ። አንቺንም ያጽናሽ። ሰባት ወር ለሐዘን ረጅም ጊዜ አይደለም። ‹‹ደክሞኛል›› ካልሽው ውስጥ የትኛው የአገልግሎት ድካም፣ የትኛው የሐዘን ድካም እንደሆነ አንቺም ገና አልለየሽው ይሆናል። ስለዚህ በራስሽ ላይ ለመፍረድ አትቸኩዪ።

የላክሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ‹‹ብቻዬን›› የምትለው ቃል ላይ ስደርስ ሁሌ ቆም እላለሁ። ይህችን ቃል ከአንቺ በፊት ማርታ ብላታለች። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታን በቤቷ ተቀበለችው። ወንጌሉ ‹‹አገልግሎት ስለ በዛባት ባከነች›› ይላል። ከዚያም ቀርባ ‹‹እኅቴ እንዳገለግል ብቻዬን ስትተወኝ አይገድህምን?›› አለችው። ማርታ እኮ የምትደክመው ለጌታ ነው። እንግዳዋ ራሱ እርሱ ነው። ለእርሱ ስትደክም ቆይታ፣ በመጨረሻ ከአፏ የወጣው ወቀሳ ሆነ። ያውም እርሱኑ ነው የወቀሰችው።

ጌታም ሥራዋን አልናቀባትም። ‹‹በብዙ ነገር ትጨነቂያለሽ፣ ትታወኪማለሽ›› አላት። ታሪኩ እዚያ ላይ አለማለቁ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12፣ ወንድሟ አልዓዛር ከሞት ከተነሣ በኋላ፣ በቢታንያ ለጌታ ራት ተዘጋጀ። እዚያም ‹‹ማርታም ታገለግል ነበር›› ይላል። ያችው ማርታ ናት፣ ሥራውም ያው ነው። እኅቷ ማርያምም እንደ ልማዷ ከጌታ እግር ሥር ናት፣ ሽቱ እየቀባችው። የዚያን ዕለት ግን ማርታ ስለ እኅቷ አንድም ቃል ስትናገር አንሰማም። ምክንያቱን ወንጌሉ አይነግረንም። እኔ ግን ወንድሟ ማዕድ ላይ ተቀምጦ እያየችው ነው እላለሁ። ምን እንደተደረገላት ዓይኗ ሥር ነው።

ይህን የምነግርሽ እኔም የወደቅኩበት ስለሆነ ነው። ከዓመታት በፊት በሳምንት ሦስት ቦታ አስተምር ነበር። ስልኬ አያርፍም። አንድ ሐሙስ ለትምህርት ስዘጋጅ ውዳሴ ማርያሜን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ምልክት የማደርግባት ቀይ ክር የረቡዕ ውዳሴ ላይ ናት። ትናንት የደገምኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ትናንት አምሽቼ ገብቼ ሳልጸልይ እንደተኛሁ ትዝ አለኝ። ከትናንት ወዲያም እንደዚያው። ክሯ ከመቆየቷ ብዛት ቀለሟ ገጹ ላይ ታትሟል። የትኛው ረቡዕ እንደነበር ለማስታወስ ብሞክር አቃተኝ። በዚያ ሁሉ ሳምንት ግን ስለ ጸሎት ሳስተምር ከርሜያለሁ። ምእመናንም ‹‹ቃለ ሕይወት ያሰማልን›› ብለውኛል።

ያኔ ምን ነክቶኝ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ቆጠራ ጀምሬ ነበር። ከሰው ጋር ትንሽ ቅር ስንባባል ‹‹እኔ እኮ በሳምንት ሦስት ቦታ . . .›› እያልኩ እጀምራለሁ። አገልጋይ የሠራውን መቁጠር ሲጀምር፣ የተደረገለትን መቁጠር ያቆማል። ሁለቱን አብሮ የሚችል ሰው እስካሁን አላየሁም። የሠራነውን ስንቆጥር ደግሞ ሂሳቡ መቼም አይዘጋም። ሁልጊዜ ያልመሰገነን ሰው፣ ያላገዘን ሰው ይኖራል። ጸሎትም ከዚያ በኋላ እንደ ተጨማሪ ሥራ ይሆንብናል። ‹‹ቀኑን ሙሉ ለእርሱ ስሠራ ዋልኩ፣ ደግሞ ማታም?›› እንላለን። በአፋችን ባንለው በልባችን እንለዋለን።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልናገር። የሚያመሰግንሽ ማጣትሽ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አብረዋት የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ልብሱን አጥባ የምታመጣውን እኅታችሁን ‹‹እግዚአብሔር ይስጥልን›› በሏት። ጥናት ሲያልቅም ወንበሩን አብራችኋት ሰብስቡ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሥሩን ለምጻሞች አስቢያቸው፣ ሉቃስ ምዕራፍ 17 ላይ። ዘጠኙን ሁላችንም እንወቅሳቸዋለን። ግን የት ነበር የሚሄዱት? ጌታ ‹‹ሂዱ፣ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ›› ብሏቸው ወደ ካህናቱ ነው የሚሄዱት። ሕጉን እየፈጸሙ ነው። ትእዛዙን እየጠበቁ ነው። አንዱ ግን እንደ ተፈወሰ ሲያይ መንገዱን አቋርጦ ተመለሰ፣ በእግሩም ሥር ወድቆ አመሰገነው። ሳምራዊም ነበር። ጌታም ‹‹ዘጠኙስ ወዴት አሉ?›› ብሎ ጠየቀ። እኔ ይህን ሳነብ ለእኛ ለአገልጋዮች የተጻፈ ይመስለኛል። ወደ ቤተ ክርስቲያን በምናደርገው ሩጫ መካከል ለአፍታ ቆመን ወደ ጌታ ራሱ አልተመለስንም። ያ ሰው እንኳ የተመለሰው ‹‹እንደ ተፈወሰ ባየ ጊዜ›› ነው ይላል። መጀመሪያ እጁን አይቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ግብዝነቱ ጥያቄሽ ልምጣ። ግብዝ ማለት ሰው እንዲያየው የሚያደርግ ነው። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ግብዞችን ከወቀሰ በኋላ መድኃኒቱንም ሰጥቷል፤ ወደ እልፍኝህ ግባ፣ መዝጊያህን ዘግተህ ጸልይ አለ። በር ዘግተሽ፣ ማንም ሳያይሽ፣ ደረቅ በሆነ ልብ ‹‹ጌታዬ፣ ምንም አይሰማኝም፣ ግን አመሰግንሃለሁ›› ብትይ ይህ ግብዝነት አይደለም። ይህ እውነት መናገር ነው። ቅዱስ ዳዊት በመዝሙር 12 የሚጀምረው ‹‹አቤቱ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ?›› ብሎ ነው። የሚጨርሰው እግዚአብሔርን በማመስገን ነው። መዝሙሩ አጭር ነው፣ ከጥቂት ቁጥሮች አያልፍም። መጀመሪያው ላይ ያለውን ለቅሶ ግን ማንም አልሰረዘውም። ቤተ ክርስቲያንም እስከ ዛሬ እንዳለ ትደግመዋለች። ስለዚህ ለቅሶሽን ደብቀሽ ወደ ጸሎት መምጣት የለብሽም። ይዘሽው ነይ።

አንድ ነገር ለይቼ ልንገርሽ። ስለ እናትሽ ሞት ‹‹ተመስገን›› በዪ አልልሽም። ስለ እናትሽ ግን በዪ። ስላሳደገችሽ፣ ጸሎት ስላስተማረችሽ፣ በዚያ ድምፅ ስንት ዓመት ስለነቃሽ። ይህን ማመስገን ሐዘንሽን መካድ አይደለም። እንባ ቢመጣም ይምጣ።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ታውቂዋለሽ። የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ነበር። በስብከቱ ምክንያት ‹‹አፈወርቅ›› ተባለ። ከመንበሩ አውርደው አሰደዱት። ሰውነቱ ታሞ እያለ ወታደሮች በፀሐይና በዝናብ በእግሩ አስኬዱት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ407 ዓ.ም. መንገድ ላይ አረፈ። የመጨረሻ ቃሉ ‹‹ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔር ይመስገን›› የሚል ነበር። ያን ያህል የደከመ አገልጋይ በዚያ ሰዓት የድካሙን ፍሬ አላየም። የሠራው ሁሉ የፈረሰ ይመስል ነበር። እንዲህ ያለ ቃል በሞት ሰዓት ድንገት አይመጣም። ዕድሜውን ሙሉ ሲለው የኖረ ሰው ነው ያኔም የሚለው።

ታዲያ ከየት ትጀምሪ? ከቅዳሴው። በቅዳሴ መጀመሪያ አካባቢ ዲያቆኑ ‹‹ተንሥኡ ለጸሎት›› ይላል። ካህኑም ‹‹ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ›› ብሎ ይጀምራል። ጸሎተ አኮቴት፣ የምስጋና ጸሎት ነው። ለእኛ በጎ ነገር ያደረገልንን እናመሰግነዋለን ማለት ነው። ከዚያ ይዘረዝራል፦ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ ወደ እርሱም አቅርቦናልና። ‹‹ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት››፣ እስከዚህችም ሰዓት አድርሶናልና። ያን ሁሉ ዘርዝሮ አንድም ቦታ ‹‹እኛ ይህን ሠርተናልና›› አይልም። እኔ ቆጠራዬን ያቆምኩት በዚህ ጸሎት ነው።

ችግሩ፣ ይህ ጸሎት ሲደርስ ብዙዎቻችን የመዝሙር ክፍል ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የለንም። ወይ ገና መንገድ ላይ ነን፣ ወይ አዳራሽ ውስጥ ልብስ እያደልን ነው፣ ወይ ማይክ እየፈተሽን። እባክሽ የልብሱን ሥራ ቅዳሜ ማታ ጨርሺው። ካልቻልሽ ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጪ። እሑድ ከመጀመሪያው ቁሚ፣ ‹‹ነአኵቶ›› ሲባል ጆሮሽን ስጪው። እስከዚህች ሰዓት ያደረሰሽን አንድ ነገር በስሙ አስቢ። ‹‹ስለ ሁሉም›› ብለሽ አትለፊው፣ አንድ ነገር ያዢ። ጉንፋን ይዞሽ መዳንሽ ይሁን፣ ሐዘን ላይ ሳለሽ ምግብ ይዛ የመጣችው ጎረቤት ትሁን።

የቤቱን ጸሎት በተመለከተ ከአቅምሽ በላይ አትጀምሪ። ቤተ ክርስቲያን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት። እኔ ግን ለደከመ ሰው ሰባቱን በአንድ ጊዜ አልጭንም። ማታ ድካም ካሸነፈሽ ዋናውን ጸሎትሽን ወደ ጠዋት አምጪው። አማትበሽ ‹‹አቡነ ዘበሰማያት›› እና ‹‹በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል››፣ ከዚያ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም። ሁሉም ካልሆነልሽ አንዱን ክፍል ብቻ አድርሺ። ማታ ደግሞ አልጋው ጋ ቆመሽ ‹‹አቡነ ዘበሰማያት›› ብቻ ይበቃል። ሳይቋረጥ መቆየቱ ነው ዋናው። ዳንኤልን እዪው። በመቶ ሃያ መሳፍንት ላይ ከተሾሙት ሦስት አለቆች አንዱ ነበር። ሥራ የሚበዛበት ባለሥልጣን ነው። መጸለይ የሚከለክለው አዋጅ እንደ ወጣ እያወቀ ወደ ቤቱ ገባ፣ እንደ ቀድሞው በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ፣ አመሰገነም። ‹‹እንደ ቀድሞው›› የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። በዚያ ቀን አዲስ ነገር አልጀመረም።

አገልግሎቱን ልተው ወይ ላልሽው፣ ብቻሽን አትወስኚ። የንስሐ አባትሽ ጋ ሂጂና ለእኔ የነገርሽኝን ሁሉ ንገሪያቸው፣ ሐዘኑንም ጨምረሽ። ምናልባት ጥቂት ሳምንት አረፍ በዪ ይሉሽ ይሆናል። ይህ ከአገልግሎት መውደቅ አይደለም። ከማኅበሩ ተነጥለሽ ቤት እንድትዘጊ ግን አልፈልግም። ባትዘምሪ እንኳ ቅዳሴው ላይ ቁሚ። ሙት ዓመቷ ሲደርስም የእናትሽን ክርስትና ስም ይዘሽ ሂጂ፣ በጸሎት ይታሰብላት።

እስከዚያው አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ነገ ጠዋት ስትነሺ ቡናውን አንቺ አፍዪው። አንድ ሲኒ ቢሆንም። ስትቀጂው በዚያ ጭር ባለ ቤት ውስጥ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ እናትሽ ትላት የነበረችውን ቃል በያት።