ነፍስ ያለው ነገር ከስክሪን ጋር ለምታገናኙ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ተክል፣ አልጌ ወይም ሌላ ነፍስ ያለው ነገር የኢንተርፌስ (ሰውና መሣሪያ የሚግባቡበት ገጽ) አካል ለማድረግ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ሥራውን አንዲት ኤልኢዲ መብራት ብትሠራው ምን ይጎድላል? ምንም ካልጎደለ ተዉት፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ፍጡሩ ቦታ የሚኖረው ዝግታው፣ እንክብካቤ መሻቱ ወይም መሞት መቻሉ ለተጠቃሚው የሚነግረው ነገር ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያቀረቡትን የእጅ ሰዓት ተመልከቱ። የልብ ምት መለኪያው የሚሠራው በውስጡ ያለው ዝልግልግ ሻጋታ አጃና ውሃ አግኝቶ፣ አድጎ የኤሌክትሪክ መስመሩን ሁለት ጫፎች ሲያገናኝ ነው። ባለቤቱ ከረሳው ይደርቃል፤ መለኪያውም ይቆማል። ሻጋታውን በሽቦ ብትተኩት ሐሳቡ አብሮ ይሄዳል።

ቀጥሎ የሚያስቸግራችሁ ጊዜ ነው። ዩግሊና የተባለችው ባለ አንድ ሕዋስ ረቂቅ ፍጡር ለብርሃን በሰከንዶች ውስጥ አቅጣጫ ትቀይራለችና ለጨዋታ ትመቻለች። ሚሞሳ የተባለችው ተክል ሲነኳት ቅጠሏን ወዲያው ታጥፋለች፣ ለመዘርጋት ግን ደቂቃዎች ይፈጅባታል፤ ደጋግማችሁ ብትነኳት ደግሞ ትለምደውና መታጠፍ ትተዋለች። ስለዚህ የመጫኛ ቁልፍ አታድርጓት። ፓይሮሲስቲስ የተባለው አልጌ ሲናወጥ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው የውስጥ ሰዓቱ ሌሊት ነው ሲለው ብቻ ነው። በቀን ማሳየት ከፈለጋችሁ ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ እያደረጋችሁ ሌሊቱን ገልብጡለት። ብዙ ከተናወጠ ብርሃኑ ያልቅበታል፤ እስኪመለስም ዕረፍት ያሻዋል።

ለጀማሪ የምመርጠው ፊዛረምን ነው፤ ከላይ ያልኩት ቢጫው ዝልግልግ ሻጋታ። (ሻጋታ መባሉ ለስሙ ነው፤ ፈንገስ አይደለም።) 15 ግራም አጋር (ከባሕር አረም የሚገኝ፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ የሚረጋ ዱቄት) በ1 ሊትር ውሃ አፍልታችሁ በፔትሪ ሳህን (ክዳን ያለው ጠፍጣፋ የቤተ ሙከራ ሳህን) ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አፍስሱ። ስኳርም ሆነ ሌላ ምግብ አትጨምሩበት፤ ቀድሞ የሚበላው እውነተኛው ሻጋታ ነው። ጥቂት የአጃ ፍሬ ጣል አድርጉ፣ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ጨለማ ውስጥ አኑሩት። ክዳኑ እርጥበት ይያዝ እንጂ አየር አይዝጋ። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጸጉር ካያችሁ ሳህኑን ለማዳን አትታገሉ፤ ንጹሕ ከሆነው የፊት ጠርዙ ቆርሳችሁ ወደ አዲስ ሳህን አዛውሩ። ብርሃን ስለሚሸሽ ነጭ መብራት ለፎቶ ብቻ፣ ለአፍታ ይብራ። በአብዛኛው የሚጓዘው በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው፣ ፊዛረም የቶኪዮን አካባቢ የባቡር መስመር የሚመስል መረብ የዘረጋበት ዝነኛ ሙከራ እንኳ 26 ሰዓት ያህል ወስዷል፤ በቪዲዮ ግን በሰከንዶች ያልፋል፣ ብዙዎቻችሁንም የሚያሳስታችሁ ይኸው ነው።

ከኤሌክትሪክ ጋር ስታገናኙት በብዛት የሚታየው ስሕተት አንድ ነው። እርጥብ አጋር ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል! ሁለቱ ኤሌክትሮዶች (ኤሌክትሪክ የሚያስገቡና የሚያስወጡ ጫፎች) በአንድ አጋር ላይ ከተቀመጡ የምታነቡት ቁጥር ስለ ፍጡሩ ምንም አይናገርም። አጋሩን በሁለት ደሴት ከፍላችሁ በመካከላቸው 1 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ፕላስቲክ ተዉ፤ ፊዛረሙ ራሱ ይሻገረው። ጎኑ ላይ ለማነጻጸሪያ ፍጡር የሌለበት ተመሳሳይ ሳህን ይኑር። መዳብ ይመርዘዋልና በወርቅ የተለበጠ ወይም የግራፋይት ኤሌክትሮድ ተጠቀሙ። የማያቋርጥ ቀጥተኛ ጅረት ደግሞ ኤሌክትሮዱ አጠገብ ያለውን አሲድነት ስለሚቀይር በአጫጭር የኤሌክትሪክ ምት ለኩ። የተክል ንክኪን በአፈር ውስጥ ባለ ሽቦ የምትለኩም ብትሆኑ፣ ውሃ ባጠጣችሁ ቁጥር መነሻው ቁጥር ስለሚዛነፍ ፕሮግራሙ መነሻውን በየጊዜው ራሱ ያስተካክል።

ፊዛረሙን ማሳረፍ ስትፈልጉ በማጣሪያ ወረቀት ላይ በጨለማ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ቅርፊት ሆኖ ለወራት ይቆያል፤ ውሃና አጃ ሲያገኝ ዳግም ይነሣል። ከዐውደ ርእይ በፊት ሦስት አራት ቅርፊት በመጠባበቂያ ያዙ፣ የደረቀበትንም ቀን ወረቀቱ ላይ ጻፉ።