የሬዲዮ ዝግጅቶችን በኢንተርኔት ስለማዳመጥ፦ ከጎጃም ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከጎጃም ልዩ ልዩ አካባቢዎችና ከአዊ የቀረቡት ጥያቄዎች በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ ጣቢያዎችን በስልክ ስለማዳመጥ ናቸው፤ ማለትም የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽንን፣ መቀመጫው ባሕር ዳር የሆነውን አሚኮን፣ የጀርመኑን ዶይቼ ቬለንና የአውስትራሊያውን ኤስ ቢ ኤስን የመሳሰሉትን። አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ፦ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ከቀጥታ ስርጭቱ ይልቅ የተቀመጠውን ድምፅ አውርዶ ማዳመጥ ይበልጥ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ከቢቡኝ፦ የቀጥታ ስርጭቱን ስከፍት ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሰማኝና ይቆማል። ችግሩ የስልኬ ነው ወይስ የጣቢያው?

የሁለቱም ላይሆን ይችላል። የቀጥታ ስርጭት ድምፁ ያለማቋረጥ እንዲደርስ ይፈልጋል፤ ስልክዎ አስቀድሞ የሚያጠራቅመው የጥቂት ሰከንዶች ድምፅ ብቻ ስለሆነ ኔትወርኩ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ከደከመ ወሬው መሐል ላይ ይቋረጣል። ለንግግር በቂ የሚባለው ጥራት 64 ኪሎቢት በሰከንድ ነው። ይህ በ4ጂ ምንም ማለት አይደለም፤ ስልኩ ወደ ቀርፋፋው የድሮ ኔትወርክ፣ ወደ 2ጂ ሲወርድ ግን ያንኑ ትንሽ መጠን እንኳ ሳያቆራርጥ ማድረስ ያቅተዋል። በጮቄ ተዳፋትና በሸለቆዎቹ ውስጥ ደግሞ አንድ ሸንተረር ታወሩን ሲከልለው ስልኩ ወዲያውኑ ወደ 2ጂ ይወርዳል። የሚያዳምጡበት መተግበሪያ የጥራት ምርጫ ካለው ዝቅተኛውን ይምረጡ። ያም ካልሠራ ቀጥታውን ይተዉትና ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ የሚለጠፈውን ፋይል ያውርዱ፤ ማውረድ ቢቋረጥ እንኳ ብዙ ጊዜ ከቆመበት ይቀጥላል፣ ካለቀ በኋላም አንድም ቃል አያመልጥዎትም።

ከፍኖተ ሰላም፦ አንድ ሰዓት ማዳመጥ ስንት ሜጋባይት ይበላል?

ስሌቱ ቀላል ነው። በ64 ኪሎቢት የሚመጣ ድምፅ በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ በ128 ኪሎቢት 58 ያህል፣ በ32 ኪሎቢት ደግሞ 14 ያህል ይሆናል። ጥቅሉን ቶሎ የሚጨርሰው ሬዲዮው ሳይሆን ምስሉ ነው። ብዙዎቻችን የሬዲዮ ዝግጅትን በዩቲዩብ ወይም በፌስቡክ ከፍተን ስልኩን ኪሳችን ውስጥ እንከታለን፤ የማናየው ምስል ግን ከድምፁ ብዙ እጥፍ የሆነ ዳታ ይበላል። ከጣቢያው ድረ ገጽ ወይም ከቴሌግራም ቻናሉ ድምፁን ብቻ ማግኘት የሚቻል ከሆነ ምንጊዜም እሱን ይምረጡ። ሌላ ምርጫ ከሌለዎት የዩቲዩቡን ጥራት ወደ 144 ያውርዱት።

ከዳንግላ፦ በአንዳንድ ድረ ገጾች ላይ የስርጭቱ ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ይጻፋል። በእኛ አቆጣጠር እንዴት ልወቀው?

ከተጻፈው ቁጥር ላይ ሦስት ይቀንሱ፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ይቀንሱ፤ የተጻፈው ቁጥር 3 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን አስቀድመው 12 ይጨምሩበት። የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ስርጭት በ16፡00 ዩቲሲ ይጀምራል፤ ሦስት ሲቀነስ 13፣ 12 ሲቀነስ ደግሞ 1፣ ማለትም ምሽት 1 ሰዓት ይሆናል። አውሮፓውያን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቢያዞሩም ዩቲሲ አይለወጥም፤ ስለዚህ በጀርመን ሰዓት ከማስላት ይልቅ ሁልጊዜ በዩቲሲ ያስሉ።

ከቡሬ፦ ጎረቤቴ በሬዲዮ የሚሰማውን እኔ በስልክ የምሰማው ዘግይቼ ነው። ለምን?

ድምፁ በኢንተርኔት ሲላክ በጥቂት ሰከንዶች ቁርጥራጭ እየተከፋፈለ ይታሸጋል፤ ስልኩም ጥቂት ቁርጥራጮችን ሳያጠራቅም ማሰማት አይጀምርም። ከ10 እስከ 30 ሰከንድ መዘግየት የተለመደ ነው። ሰዓትዎን ግን በኢንተርኔት ስርጭት አያስተካክሉ።

ከሞጣ፦ አባቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ስማርት ስልክም አይጠቀሙም። ከዜናውና ከትረካው እንዳይለዩ ምን ላድርግላቸው?

ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ በሰፊው ልመልሰው የወደድኩት ይህን ነው፤ ምክንያቱም ለሬዲዮ ከማንም በላይ ቅርብ የሆኑት አዛውንቶች፣ አገልግሎቱ ወደ ስልክ በመጣ ቁጥር እየራቁት ሲሄዱ አያለሁ። ከዚህም በላይ መፍትሔው በየከተማው ሱቅ ይገኛል። ፍላሽና ሜሞሪ የሚቀበሉት፣ በሶላር ወይም በሚሞላ ባትሪ የሚሠሩት ትንንሽ ሬዲዮኖች ለዚህ ይሆናሉ። እርስዎ ዋይፋይ ወይም ጠንካራ ኔትወርክ ባለበት ቦታ የሳምንቱን ዝግጅቶች ያወርዳሉ፤ ወደ ሜሞሪ ይገለብጡና ለአባትዎ ይሰጧቸዋል፤ እሳቸው የሚነኩት አንድ ቁልፍ ብቻ ይሆናል።

ሲገለብጡ ግን ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። እነዚህ ሬዲዮኖች በእርግጠኝነት የሚያነቡት ኤምፒ3 የተባለውን የፋይል ዓይነት ነው። በቴሌግራም እንደ ድምፅ መልእክት የሚላኩት ፋይሎች ብዙውን ጊዜ በሌላ ዓይነት፣ ማለትም በኦጂጂ የተቀመጡ ስለሆኑ በስልክ ቢሰሙም ሬዲዮኑ ዝም ሊል ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ሜሞሪው ተበላሽቷል ብለው እንዳይጥሉት፤ ፋይሉን ወደ ኤምፒ3 የሚቀይር ነፃ መተግበሪያ ይጠቀሙ። ሜሞሪውም ከ32 ጊጋባይት ባይበልጥና ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት ቢደረግ ይመረጣል፤ ከዚያ የሚበልጠውን ብዙዎቹ ርካሽ ሬዲዮኖች አያውቁትም። ትልቅ መግዛትም አያስፈልግም፤ በ64 ኪሎቢት የተቀዳ ንግግር በ8 ጊጋባይት ሜሞሪ ላይ ከ250 ሰዓት በላይ ይይዛል። የፋይሎቹን ስም በ01፣ 02፣ 03 ቢያስጀምሩት ሬዲዮኑ በቅደም ተከተል ያጫውታቸዋል፤ ተከታታይ ትረካ ለሚያዳምጡ ሰው ደግሞ ክፍል አምስት ከክፍል ሁለት ቀድሞ መምጣቱ ትልቅ በደል ነው። አባትዎ የትኛውን ዝግጅት እንደሚወዱ በየጊዜው ይጠይቋቸው፤ ምርጫው የእሳቸው መሆን ይገባዋል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ስክሪኑ ሲጠፋ ድምፁም ይጠፋል።

ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ መተግበሪያውን ስለሚዘጋው ነው። በሴቲንግ ውስጥ የባትሪ ምርጫው ላይ ገብተው ለሚያዳምጡበት መተግበሪያ ወይም ብራውዘር ገደቡን ያንሱለት። በዩቲዩብ ከሆነ የሚያዳምጡት፣ በነፃው አገልግሎት ስክሪን ጠፍቶ ማዳመጥ በአብዛኛው አይቻልም።

ከብቸና፦ በ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከዓመታት በፊት የተላለፉ ዝግጅቶችን ለተማሪዎቼ ማሰማት እፈልጋለሁ። ማግኘት እችላለሁ?

አንዳንዱን ያገኙታል፤ ሁሉን ግን አይጠብቁ። ዶይቼ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ታሪክ ደግሞ ከጣሊያን ወረራ ዋዜማ፣ ከ1927 ዓ.ም. ይነሣል፤ ሆኖም በኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ድምፅ አብዛኛው የቅርብ ዓመታት ነው። የዘፈንና የሙዚቃ ዝግጅቶች ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ይነሣሉ፤ ጣቢያው ዘፈኑን በአየር ላይ ለማሰማት ያገኘው ፈቃድ በኢንተርኔት ላይ ለዘለቄታው ለማኖር ላይፈቅድለት ይችላልና። በእኔ እምነት በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የታሪክና የባህል ዝግጅት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ አገራዊ ጣቢያዎቻችን በዚህ ረገድ ገና ብዙ ይቀራቸዋል። እስከዚያው ለትምህርት የሚሆን ነገር ሲያገኙ ነገ አገኘዋለሁ ብለው አይተዉት፤ ያን ዕለት አውርደው የተላለፈበትን ቀንና የጣቢያውን ስም በፋይሉ ስም ላይ ጽፈው ያስቀምጡት።

ከቻግኒ፦ ያወረድኳቸውን ዝግጅቶች በሱቄ ለደንበኞች በክፍያ መጫን እችላለሁ?

አይችሉም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለብሮድካስት ድርጅቶችም መብት ሰጥቷል፤ ዝግጅቱን ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ ሕግ መጣስ ነው። ለራስ ማዳመጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከአዴት፦ የሬዲዮ መተግበሪያ ስጭን የስልክ ቁጥሮቼንና መልእክቶቼን ለማየት ፈቃድ ጠየቀኝ።

ይከልክሉት፤ ያለዚያ አልሠራም ካለ ያጥፉት። ድምፅ ለማሰማት ኢንተርኔት እንጂ የእርስዎ መልእክት አያስፈልግም። በመጀመሪያም መተግበሪያውን ያወጣው ራሱ ጣቢያው መሆኑን ያጣሩ፤ የጣቢያን ስምና ዓርማ ለጥፎ የማስታወቂያ መነገጃ ያደረገው ብዙ ነው።

ከደጀን፦ ሁሉም ነገር በስልክ ከሆነ አሮጌውን የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ብሸጠውስ?

እባክዎ አይሽጡት። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት እንደቆየ እርስዎም ያውቁታል፤ በዚያን ጊዜ ከሩቅ የሚመጣ ዜና በየቤቱ የገባው በሬዲዮ ነበር። ኤፍ ኤም የሚሄደው በቀጥታ መሥመር ስለሆነ ተራራ ያግደዋል፣ በዓባይ ሸለቆ ውስጥም ይጠፋል፤ አጭር ሞገድ ግን ከከባቢ አየር የላይኛው ክፍል ላይ እየነጠረ ስለሚመለስ ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ማዶ ተነሥቶ ሸለቆው ውስጥ ይደርሳል። ኢንተርኔትም ሆነ ታወር አይፈልግም፤ ማን እንደሚያዳምጠውም ማንም አይመዘግብም።

በአጠቃላይ ቀን ላይ ከፍ ያለው የፍሪኩዌንሲ ክልል (የሜትሩ ቁጥር ሲያንስ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ይላል)፣ ማለትም 19 እና 16 ሜትር፣ ሌሊት ደግሞ 49 እና 41 ሜትር የተሻለ ይሰማል። ጣቢያዎች የአጭር ሞገድ ቁጥራቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር በመጋቢትና በጥቅምት አጋማሽ አካባቢ ሊለውጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት የለመዱት ጣቢያ ድንገት ቢጠፋ ሬዲዮዎን ከመጠርጠርዎ በፊት አዲሱን ቁጥር ከጣቢያው ድረ ገጽ አይተው፣ ወይም ኔትወርክ ያለውን ሰው አስጠይቀው፣ በወረቀት ጽፈው ከሬዲዮው ጀርባ ይለጥፉት።