ባንዱ ለምን ከፍ ብሎ ወጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። ጅማ ውስጥ የባዮኬሚስትሪ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የማጠናው ፕሮቲን በአሚኖ አሲዶቹ ሲሰላ 38 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ገደማ ነው። ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በጄል ለይቶ በአንቲቦዲ የሚያሳይ ዘዴ) ስሠራ ግን 48 አካባቢ ይወጣል። ከሱ በላይ ደግሞ ደብዘዝ ያለ ሌላ ባንድ (የፕሮቲን መስመር) አለ። አማካሪዬ «ፎስፌት (ፕሮቲን ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ኬሚካል) ገብቶበት ይሆናል፣ አረጋግጥ» ብለውኛል። የምሠራበት ላብ ማስ ስፔክትሮሜትር (ሞለኪውልን በክብደቱ የሚለይ ማሽን) የለውም። የፕሮቲን ቅርጽ የሚተነብየው አልፋፎልድ ላይም አየሁት፤ ምንም አልነገረኝም። ከየት ልጀምር? (ከኮቺ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱን ባንዶች ለያይተህ እያቸው። ጥያቄያቸው አንድ አይደለም።

ጄል (ፕሮቲኖች በመጠን የሚለዩበት ዝልግልግ ነገር) ሚዛን አይደለም። ኤስዲኤስ የሚባለው ሳሙና መሰል ኬሚካል ፕሮቲኑን ይዘረጋዋል፤ ኔጌቲቭ ቻርጅም ያለብሰዋል። ከዚያ በኤሌክትሪክ ሲጎተት ትንሹ ቶሎ ይሄዳል፣ ትልቁ ይዘገያል። ይህ የሚሠራው ግን ኤስዲኤሱ በሁሉም ላይ በተመሳሳይ መጠን ከተጣበቀ ነው። በደንብ የማይጣበቅባቸው ፕሮቲኖች አሉ። ፒ53 የሚባለውን ፕሮቲን ውሰድ። 393 አሚኖ አሲድ ነው፤ ክብደቱ 44 ኪሎዳልተን እንኳ አይሞላም። ጄል ላይ 53 ላይ ስለታየ ግን ስሙ በዚያው ቀረ። የሚያዘገየው በዋናነት ፕሮሊን የሚባለው አሚኖ አሲድ የበዛበት ክፍሉ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ፎስፌት የሚጨምረው 80 ዳልተን ብቻ ነው። ያንተን የ10 ኪሎዳልተን ልዩነት በክብደት ለመሙላት ከ100 በላይ ፎስፌት ያስፈልጋል። ስለዚህ የዋናው ባንድ ከፍታ ብቻውን የፎስፌት ማስረጃ አይሆንም። እኔን የሚያጓጓኝ ያ ደብዛዛው ባንድ ነው። ፎስፌት ክብደቱ ትንሽ ቢሆንም የኤስዲኤሱን አጣበቅ ስለሚቀይር ባንዱን ትንሽ ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል።

ለማረጋገጥ ውድ ማሽን አያስፈልግህም። ላምዳ ፎስፋታዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ፎስፌትን ከፕሮቲን ላይ ይነቅላል። ሦስት ቱቦ አዘጋጅ። አንዱ ከኢንዛይሙ ጋር፣ ሁለተኛው ያለ ኢንዛይም፣ ሦስተኛው ኢንዛይሙም ማገጃውም (ኢንዛይሙን የሚያስቆመው ኬሚካል) ያለበት። ሦስቱም በ30 ዲግሪ እኩል ሰዓት ይቆዩ። ላይኛው ባንድ በመጀመሪያው ቱቦ ብቻ ከጠፋ፣ ፎስፌት ነው ማለት ትችላለህ። ያለ ኢንዛይሙ ቱቦ ግን እንዳይቀር፣ አደራ! ሙቀቱ ራሱ ፕሮቲኑን ሰባብሮት ቢሆንስ? ያለሱ ያንን መለየት አትችልም።

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ባፈሩ (ሴሉ የሚሰበርበት ፈሳሽ) ላይ ነው። ሴል ስንሰብር ፎስፌቱ እንዳይጠፋ ብለን ሶዲየም ፍሎራይድና ቫናዴት የሚባሉ ማገጃዎች እንጨምራለን። እነሱ ይህን ኢንዛይምም ያግዱታል። ኢዲቲኤ የሚባለው ኬሚካልም አይሆንም፤ ኢንዛይሙ ማንጋኒዝ ይፈልጋል፣ ኢዲቲኤ ደግሞ ማንጋኒዙን ይወስድበታል። ስለዚህ ሴሎችህን ከመስበርህ በፊት ለሁለት ክፈላቸው። ለዚህ ሙከራ የሚሆነውን ክፍል ማገጃም ኢዲቲኤም በሌለበት ባፈር ስበር። በረዶ ላይ፣ በፍጥነት። ክረምት ላይ መብራት ድንገት እንደሚሄድ ታውቃለህ፤ ናሙናውን በትናንሽ ቱቦ ከፋፍለህ አስቀምጥ። አንዴ የቀለጠውን መልሰህ አታቀዝቅዝ።

ደብዛዛው ባንድ በላምዳ ፎስፋታዝ ካልተነቃነቀ ስኳር ሊሆን ይችላል። ፒኤንጌዝ ኤፍ የሚባለው ኢንዛይም አስፓራጂን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ላይ የተንጠለጠለውን ስኳር ይቆርጣል። ስኳር ያለበት ፕሮቲን ብዙውን ጊዜ ጠርቶ አይወጣም፤ የተዳፋ ቀለም ይመስላል።

ፎስፌት መሆኑን ካወቅህ በኋላ «የት ጋ?» የሚለው ይመጣል። እዚህ ላይ ማስ ስፔክትሮሜትሪ ግድ ነው። ግን ማሽኑ ጅማ ባይኖርም ናሙናው መሄድ ይችላል። ፕሮቲኑን በአንቲቦዲ ሰብስበህ አጥራ፣ ጄል ላይ አሂድ፣ ኮማሲ በሚባለው ቀለም ቅባ፣ ባንዱን ቆርጠህ በንጹሕ ቱቦ ላክ። እዚያ ትሪፕሲን የሚባለው ኢንዛይም ላይሲንና አርጂኒን ከሚባሉት አሚኖ አሲዶች ቀጥሎ ይቆራርጠዋል። 80 ዳልተን የጨመረው ቁራጭ ፎስፌቱን የያዘው ነው። ቁራጩ እንደገና ሲሰበር የትኛው ሴሪን ወይም ትሪዮኒን ላይ እንዳለ ይታያል። ስትቆርጥ ጓንት አድርግ፣ ፀጉርህን ሸፍን፣ የሱፍ ሹራብህን አውልቅ። አለዚያ ያንተና የበጉ ኬራቲን (የፀጉርና የቆዳ ፕሮቲን) ውጤቱን ይሞላዋል።

አልፋፎልድን አትውቀሰው። ሥራው ትልቅ ነው፤ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር እ.ኤ.አ. በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት በሱ ነው። ነገር ግን በነፃ በሚከፈተው ቋት ውስጥ ያሉት ሞዴሎች የተሠሩት ከአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ነው። በኋላ የተለጠፈ ፎስፌት እዚያ ላይ አይታይም። ይልቅ ብርቱካናማ የሆነውን ክፍል እይ። ሞዴሉ ያልተማመነበት ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቋሚ ቅርጽ የሌለው ነው። ፎስፌት እንዲህ ያለ ቦታ ይወዳል።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባቸው። ጠዋት በባዶ ሆድ ሲለኩ ጥሩ ነው፤ «የሦስት ወሩ» ምርመራ ግን 8 በመቶ አለ። የቱን እንመን? (ቡና ነጋዴ፣ ከሄርማታ)

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺንም ከተማሪው ጋር ያወጣሁት ነገሩ አንድ ስለሆነ ነው። ይህም ፕሮቲን ላይ የተለጠፈ ነገር ፍለጋ ነው።

ደም ውስጥ ያለው ስኳር ያለ ምንም ኢንዛይም፣ ቀስ እያለ ሄሞግሎቢን (ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ላይ ይጣበቃል። ጭስ ቤት የዋለ ጋቢ ጭሱን ይዞ እንደሚወጣው ማለት ነው። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር፣ ምርመራው የወራቱን ይናገራል። የጠዋቱ ልኬት የዚያችን ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ምናልባት የእናትሽ ስኳር የሚወጣው ከምግብ በኋላ ነው። ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ ለክታችሁ መዝግቡ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። አንዳንዱ ማሽን የሚለየው በቻርጅ ነው፤ ስኳር የተጣበቀበት ሄሞግሎቢን ፖዘቲቭ ቻርጁ ስለሚቀንስ ቀድሞ ይወጣል። ሌላው በአንቲቦዲ ይለያል። የትኛውም ቢሆን ሴሎቹ የተለመደውን ዕድሜ እንደኖሩ ቆጥሮ ነው። በብረት እጥረት የመጣ ደም ማነስ ቁጥሩን ከእውነቱ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ወባ ወይም ደም መፍሰስ ደግሞ ሊያወርደው ይችላል። መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ሐኪማቸውን «ደም ማነሳቸውም ይታይ» በይ። ያመማቸው ወባ ካለም መቼ እንደነበር ንገሪያቸው። መድኃኒታቸውን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።